ትኬት የጠፋበት ሰው፦ ስለ ፕሮጀክት ማኔጀርና ቢዝነስ አናሊስት ሥልጠና ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ዲሲና አካባቢዋ ባለን ሐበሾች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ሦስት ሰው ነው የላከልኝ፤ አንዷማ «አንተን ነው እንዴ የሚሉት?» ብላ ጨምራበታለች። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ የፕሮጀክት ማኔጀርና የቢዝነስ አናሊስት (መሥሪያ ቤቱ ከአዲስ ሲስተም ወይም አሠራር የሚፈልገውን አጣርቶ የሚጽፍ ባለሙያ) ሥልጠና የወረቀት ንግድ ነው። ሰርተፍኬቱ የሽምደዳ ውጤት ነው፤ የሚፈልገውም የለም። ከፓርኪንግና ከኡበር የመጣ ሰው ልምድ ስለሌለው እሱን ማሠልጠን ውሸት ከማስተማር አያልፍም። የአናሊስት ሥራ ራሱ ስብሰባ ላይ ማስታወሻ መያዝ ስለሆነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊጨርሰው ነው። በየሦስት ዓመቱ የሚጠየቀው የሰርተፍኬት እድሳት ደግሞ ገንዘብ መልቀሚያ ኬላ ነው። ስለዚህ ነርሲንግ ተማሩ፣ አለዚያም ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) አውጡ። መነሻ ያደረጉት የእቁብ ዕጣውን 4,000 ዶላር ለአንድ ማሠልጠኛ አስረክቦ ባዶ እጁን የቀረ አንድ ወጣት ነው።

ስለ ወጣቱ የጻፉት ልቤን ነክቶታል። ከዓመታት በፊት ያ ወጣት እኔ ነበርኩ። ከእሱ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ዓይነት ነው፤ የተቆጡት በማሠልጠኛው፣ ዱላው ያረፈው በሙያው ላይ። ነጥቦቻቸውን እንደ ቅደም ተከተላቸው ላንሣ፤ አንዳንዱ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ዘልዬው አልፋለሁ።

«ሽምደዳ ነው» የሚለው። ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት ማኔጀሮች ማረጋገጫ የሚሰጠው ፒኤምአይ በ1969 የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ፒኤምፒ የተጀመረው በ1984 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚህ የምንኖረው በእሱ ነው።) ለፈተናው ለመቀመጥ የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት ትምህርት ይጠየቃል፤ ዲግሪ የሌለው ሰው ልምዱ 60 ወር መሆን አለበት። ማኅበሩ ከአመልካቾች መካከል እያነሣ ማስረጃ አምጡ ይላል፤ የጻፍከውን የቀድሞ አለቃህ በፊርማው ካላረጋገጠልህ እዚያው ትቀራለህ።

እኔ በ2022 ስፈተን 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ነበር። ጸሐፊው እንደሚያስቡት የቀመርና የትርጉም ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ፤ ሽምደዳማ ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ የለመድነው ነው። አብዛኛው ግን እንዲህ ያለ ነው፤ ከቡድንህ ሁለት ሰዎች ተኳርፈዋል፣ ሥራው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደንበኛው አዲስ ነገር ጠየቀ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? አራቱም ምርጫ ደህና ይመስላሉ። ከጠቅላላው 42 በመቶው ስለ ሰው፣ 50 በመቶው ስለ አሠራር፣ የቀረው 8 በመቶ ሥራው ስላለበት ድርጅት ነበር። እኔን ያንገላታኝ አንድ ነገር አለ፤ «ለአለቃህ አሳውቅ» የሚለው ምርጫ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ስሕተት ነው። እኛ ቤት ያደገ ልጅ ታላቅ ሳይጠይቅ እጁን አያነሣም። ፈተናው የሚፈልገው ግን መጀመሪያ ራስህ እንድትመረምር፣ ከባለጉዳዩ ጋር እንድትነጋገር፣ ካልሆነልህ ብቻ ወደ ላይ እንድትወጣ ነው። ይህን ለመላመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ሽምደዳ አልረዳኝም።

የተሰረቀ ጥያቄ የሚሸጡ አሉ? አሉ። በእሱ ያለፈም ሰው አውቃለሁ። የመንጃ ፈቃድ ጥያቄም ሲሸጥ ኖሯል፤ መንዳት ግን ሙያ አይደለም ያለ ሰው አልሰማሁም።

ወረቀቱን ማንም አይፈልገውም ማለታቸው ደግሞ ገርሞኛል። የምንኖረው በፌዴራል መንግሥቱ ደጃፍ ነው። በታኅሣሥ 2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ አለ፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የፕሮግራምና የፕሮጀክት አመራር ደረጃ እንዲወጣ፣ የሙያውም የእድገት መሰላል እንዲዘረጋ የሚያዝ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው ታሪክ አይጠፋችሁም። በጥቅምት 1 ቀን 2013 የፌዴራል መንግሥቱ የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጽ ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን መመዝገብ የቻሉት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ስድስት! በኋላ የመረመሩት ሰዎች ካገኙት ጥፋት አንዱ የሥራው አጠቃላይ መሪ ማን እንደሆነ በግልጽ አለመታወቁ ነው። ኮድ ጸሐፊ ሞልቶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። ጸሐፊው አጥብቀው የያዙት፣ ከፓርኪንግ የመጣን ሰው አናሊስት አደርጋለሁ ማለት ውሸት ማስተማር ነው የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ፤ ለምን ግማሹን ብቻ እንደሆነ ግን የራሴን ታሪክ ካልነገርኩ አይገባም።

የመጀመሪያዋ ትምህርት ቤቴ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ያለች ሁለት ክፍል ነበረች። ስሟን አላነሣም፤ ብዙ እኅቶች አሏት። ቅዳሜና እሑድ፣ ለስምንት ሳምንት። ያን ጊዜ ዲሲ መሀል በአንድ የምድር ቤት ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ፤ ዓርብ ሌሊት ስሠራ አድሬ ቅዳሜ ጠዋት እያንቀላፋሁ ነው የምማረው። በአራተኛው ሳምንት ሪዙሜ ተሰጠኝ። ተሰጠኝ ነው የምለው፤ አልጻፍኩትም። በወረቀቱ ላይ እግሬ ረግጦት በማያውቀው ቴክሳስ፣ በአንድ ባንክ ውስጥ ሰባት ዓመት አናሊስት ሆኜ ሠርቻለሁ። «ልምድህን አጥና» ተባልኩ። አጠናሁ። የአለቃዬን ስም፣ የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ፣ ሥራውን የለቀቅኩበትን ምክንያት ሁሉ አጠናሁ።

ኢንተርቪውን በስልክ አለፍኩ። ሥራ በገባሁ በዘጠነኛው ቀን ስድስት ሠራተኞች የተቀመጡበት ክፍል ገብቼ ሪኳየርመንት (ከሲስተሙ የሚፈልጉትን ነገር ዝርዝር) እንድሰበስብ ተነገረኝ። ከትምህርት ቤቱ የያዝኩትን ቅጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። አንዲት ሴት በቅንነት፣ «ባንክ እያለህ ይህን እንዴት ነበር የምትሠሩት?» አለችኝ። የዚያ ክፍል የአየር ማቀዝቀዣ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በስድስተኛው ሳምንት ኮንትራቴ ተቋረጠ። የፓርኪንጉ አለቃዬ ምንም ሳይጠይቀኝ የድሮውን የሌሊት ፈረቃዬን መለሰልኝ።

እስከዚህ ድረስ ጸሐፊውና እኔ አንድ ነን። ከዓመት በኋላ ግን አንድ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የማታ ኮርስ ገባሁ፤ ዋጋው የመጀመሪያውን ሩብ አይሞላም። መምህሩ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። በመጀመሪያው ማታ የእያንዳንዳችንን ሥራ ጠየቁ። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ፓርኪንግ» አልኩ።

«ጥሩ። ትኬት የጠፋበት ሰው ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

ምን አደርጋለሁ? የሙሉ ቀን ሒሳብ አስከፍለዋለሁ። የሕንፃው ተከራይ ከሆነ ግን ወደ ላይ ደውዬ ስሙን አጣራለሁ። ሲገባ ካየሁትና ሃያ ደቂቃ እንኳ ካልሞላው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ብዬ አሳልፈዋለሁ። መኪናው የእሱ ባይሆንስ? መንጃ ፈቃዱንና የመኪናውን ወረቀት አስተያያለሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ ደግሞ ማሽኑ ቀኑን ስለሚቀይር የሁለት ቀን ሒሳብ ያወጣበታል፤ ያኔ በሩን በቁልፍ ከፍተን ገንዘቡን በእጅ ደረሰኝ እንቀበላለን፣ ጠዋት ለተረኛው እንነግረዋለን።

እኔ ስናገር ሽማግሌው ሰሌዳውን ሞሉት። ሲጨርሱ፣ የማሽኑ ሻጭ ይህን ሁሉ «ትኬት ከጠፋ የሙሉ ቀን ሒሳብ» ብሎ በአንድ መስመር ሳይዘጋው አልቀረም አሉ። ከዚያ በቀይ ይከብቡ ጀመር፤ ይህ ደንብ ነው፣ ይህ ከደንቡ የሚወጣ ጉዳይ ነው፣ ይህ ደግሞ ማንም ያልጻፈው ሠራተኛው ብቻ የሚያውቀው ነው። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ከበቡት።

ሰባት ዓመት የቴክሳስ ባንክ ከሰጡኝ ሰዎች አንድም «ፓርኪንግ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ጸሐፊውም ያን ወጣት አልጠየቁትም፤ ከኡበር የመጣ ነው ብለው አለፉት። ማሠልጠኛውና ጸሐፊው ሳያውቁት የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሁለቱም ሰውየው ከመማሩ በፊት የኖረውን እንደ ባዶ ገጽ ቆጥረውታል። አንደኛው ባዶውን በውሸት ሞላው፣ ሌላኛው ባዶ ነውና ወደዚህ አትምጣ አለው።

ሳይዋሹ የሚገባበት በር መኖሩንም አልነገሩንም። የፒኤምአይ የጀማሪዎች ማረጋገጫ፣ ካፕኤም የሚባለው፣ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ 23 ሰዓት ትምህርት ይበቃዋል። ከ2023 ወዲህ የፈተናው 27 በመቶ የቢዝነስ አናሊስት ሥራ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሙያዎች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ከዚህ ይታያል። በአናሊስቱ በኩል በ2003 ቶሮንቶ ላይ የተመሠረተው አይአይቢኤ የሚባል የአናሊስቶች ማኅበር አለ። የእሱም የመጀመሪያ ደረጃ ማረጋገጫ ልምድ አይጠይቅም፤ ሁለተኛው 3,750 ሰዓት፣ ሦስተኛው 7,500 ሰዓት የሠሩበትን ይጠይቃል። ደግሞም ፒኤምአይ ልምዱ የቅርብ ዓመታት ይሁን እንጂ አሜሪካ ውስጥ የተገኘ ይሁን አይልም። አገር ቤት የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲመሩ የነበሩ፣ የውኃ ፕሮጀክት ከወረዳ ወረዳ ሲያዞሩ የነበሩ ሰዎች እዚህ መጥተው ያን ከሪዙሜያቸው ፍቀው የሌለ ባንክ ሲጽፉ አይቻለሁ። እውነተኛውን አጥፍቶ ውሸቱን ማስገባት! (የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ኮሚቴ የመራ ሰውማ ባለድርሻ ማስተዳደር ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምረው አይገባም፤ ለማመልከቻው አይቆጠርለት እንደሆነ እንጂ።)

አናሊስት ማለት ማስታወሻ ያዥ ነው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይተካዋል ለሚለው። ስብሰባውን ሰምቶ ማጠቃለያ መጻፍማ አሁንም ማሽኑ ከእኔ የተሻለ ይሠራል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ችግሩ ስብሰባ ላይ የማይነገረው ነው።

አንድ የካውንቲ መሥሪያ ቤት ውስጥ የቤት ኪራይ ድጎማ ማመልከቻ በኮምፒውተር እንዲሆን እንሠራ ነበር። ኃላፊዋ አሠራሩን አስረዱን፤ ቅጹ ይገባል፣ ይመረመራል፣ በአምስት ቀን መልስ ይሰጣል። የጎደለው ነገር ያለበት ቅጽ በአሥር ቀን ካልተሟላ ይሰረዛል። ሁላችንም ጻፍን፤ ማሽን ቢኖርም ይህንኑ ይጽፍ ነበር። በማግስቱ የዚያ ሽማግሌ ነገር ትዝ ብሎኝ ቅጽ ተቀባይዋ አጠገብ ወንበር ስቤ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ከጠረጴዛዋ ሥር የጫማ ካርቶን አለ፤ ውስጡ ቅጾች። «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አልኳት። የአከራይ ፊርማ የጎደላቸው ናቸው። አከራዩ ቶሎ አይፈርምም፣ አንዳንዱ ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው፤ እሷ ሐሙስ ሐሙስ እየደወለች ታስፈርማለች። ስንት ጊዜ ይፈጃል? አንዳንዴ ወር። እኛ የጻፍነው ሲስተም ሥራ ቢጀምር ኖሮ በካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ በአሥረኛው ቀን ይሰርዛቸው ነበር፤ ምክንያታቸውን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር። «አከራይ የሚጠበቅ» የሚል አንድ ሁኔታ ጨመርን። ለፕሮግራመሮቹ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር።

ይህ ትንሽ ጉዳይ ነው። ትልቁን ለሚፈልግ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የተፈጸመ አለ። ኤፍቢአይ የወረቀት መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ያሠራው ሲስተም በ2005 ሥራ ላይ ሳይውል ሲጣል 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነበር። የሪኳየርመንት ሰነዱ ከ800 ገጽ በላይ ነበር። ማስታወሻ ያዥ አልጠፋም ማለት ነው፤ የጠፋው ከእነዚያ ገጾች ውስጥ መርማሪው በእርግጥ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ ለይቶ፣ በየጊዜው የሚጨመረውን ገትቶ የሚይዝ ሰው ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ከዘረዘራቸው ምክንያቶች መካከል በአግባቡ ያልተለየና በየጊዜው የሚቀያየር ፍላጎት፣ እንዲሁም ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ኃላፊ ይገኙበታል። የተካው ሲስተም ሥራ የጀመረው በ2012 ነው፤ እሱም በመሀል ተንገራግጮ፣ አሠራሩን ለውጦ፣ ሥራውን በትንሽ በትንሹ እየከፈለ ነው የደረሰው። ማሽን 800 ገጽ በአንድ ደቂቃ ይጽፍልሃል። ይህ ለእኔ የሚያስፈራ እንጂ የሚያጽናና ዜና አይደለም፤ ያን ሁሉ አንብቦ «ይህ ለማን ነው?» የሚል ሰው ከበፊቱ ይበልጥ ይፈለጋል።

እድሳቱን ኬላ ማለታቸው ብዙ አያከራክረንም። ፒኤምፒ ያለው ሰው በሦስት ዓመት 60 የትምህርት ነጥብ መሰብሰብ አለበት፤ አንድ ነጥብ የአንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ እስከ 25 የሚደርሰው ሌሎችን በማስተማርና ሙያውን በመሥራት ይገኛል፤ በነፃ የሚገኝ ትምህርትም ሞልቷል። የማደሻ ክፍያውን እኔም አልወደውም። ቪዲዮውን ከፍቼ ሽሮ ስሠራ ነጥቡን የተቀበልኩበት ቀን እንዳለም አልደብቅም። ያ የእኔ ስንፍና ነው፤ ከዓመታት በፊት የተማረ ሰው አሁን ሥራው እንዴት እንደተቀየረ ሳያይ ቢቀር ግን ጉዳቱ ለራሱ ነው።

ነርሲንግና ሲዲኤል የተሻለ ነው ያሉትን በተመለከተ፣ ባለቤቴ ነርስ ናት፣ የወንድሜ ልጅ ትራክ ይነዳል፤ ሁለቱም ከእኔ የተሻለ ያገኙበት ዓመት አለ። ግን ጸሐፊው እንደ ማምለጫ ያቀረቧቸው ሁለቱ ሙያዎች ሥልጠና የማይጠይቁ መስሏቸዋል? ከየካቲት 2022 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዲኤል የሚያወጣ ሰው በፌዴራል መዝገብ ላይ ከሰፈረ አሠልጣኝ ሳይማር ለመንዳት ፈተና አይቀርብም። ባለቤቴም ፈቃዷን ስታድስ የትምህርት ሰዓቷን ትቆጥራለች። ለትራኩ ሥልጠና ጥንቃቄ ነው፣ ለእኛ ሲሆን የወረቀት ንግድ፤ ልዩነቱ አልገባኝም።

ጸሐፊው በጣም የለዘቡት፣ እኔ ግን ልጠነክርበት የምፈልገው አንድ ቦታ አለ። ያን ማሠልጠኛ «ውጤታማ ያልሆነ» ብለው ነው ያለፉት። አይደለም። የሐሰት ሪዙሜ ሰጥቶ 4,000 ዶላር የተቀበለ ሰው ማጭበርበር ነው የፈጸመው፤ ተጠያቂ ሆኖ የሚቀረው ግን በወረቀቱ ላይ ስሙ ያለው ልጅ ነው። የመንግሥት ኮንትራት ላይ፣ በተለይ ክሊራንስ (የመንግሥት ምሥጢር የማየት ፈቃድ) በሚጠይቅ ሥራ ላይ፣ የሌለ ልምድ መጻፍ ሥራ ከማሳጣት አልፎ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ የመኖሪያ ወረቀት ጉዳዩ ገና ላላለቀለት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ የግል የሙያ ትምህርት ቤቶችን የሚፈቅድ የየስቴቱ የከፍተኛ ትምህርት አካል አላቸው፤ ፒኤምአይም የተፈቀደላቸውን አሠልጣኞች ዝርዝር በግልጽ ያወጣል። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት በአሥር ደቂቃ የሚጣራ ነገር ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ሙያውን ሲያጣጥሉ ይህን አንድ አንቀጽ ቢጽፉት ለስንት ሰው በጠቀመ።

ወጣቱን ጸሐፊው የሚያውቁት ከሆነ አንድ መልእክት ያድርሱልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። የሰጡትን ሪዙሜ ይዞ ይምጣ፤ ቡና ይፈላል፣ ከላይ ጀምረን እናነበዋለን፣ ያልሠራበት ቦታ ካለ እሱን አስቀድመን እንሰርዘዋለን። ከዚያ ስለ ኡበሩ እጠይቀዋለሁ፤ ተሳፋሪው ያለበት ቦታ ደርሶ፣ ደውሎ ደውሎ ሰውየው ሳይወጣ ሲቀር ምን ያደርጋል?